የጠገነ ይሳፈራል

«ያዋጣል?» አለችኝ እህቴ። ሹካዋን ሳህኑ ላይ አሳርፋ፣ ቀፊራ ገበያ የሐብሐብ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ በአንድ ቃል።

እሑድ ነው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሱቋን ዘግታ፣ መጋረጃዋን ጥላ ትተኛለች፤ በቤታችን በር አንዲት ባጃጅ እንኳ አታልፍም። አባታችን ውስጥ ተኝቷል። እኔና እሷ ቬንትሌተሩን መሃላችን አቁመን ፓስታ እየበላን ነበር።

የጠየቀችኝ ስለ ዲግሪዬ ነው። እኔ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች እጠግናለሁ። እህቴ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ አሁን ያለችው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው። ቀን እየሰፋች፣ ማታ እየተማረች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ፈተናውን አለፈችና ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። በዚያው ሳምንት ደግሞ ፋብሪካው የስፌት መስመር ኃላፊ ሊያደርጋት እንደሆነ ነገራት። መልስ የሚፈልጉት የነገ ሳምንት፣ ሰኞ ነው። ከሄደች ኃላፊነቱ ለሌላ ይሰጣል፤ ከቀረች ደግሞ ምደባው ይቃጠላል።

«ሠላሳን ደፍኜ ነው የምመረቀው» አለች። «አንደኛ ዓመት ጥሩ ውጤት ካመጣሁ ያንተን ትምህርት ነው የምመርጠው። ያዋጣል ካልከኝ እሄዳለሁ፣ አያዋጣም ካልከኝ እቀራለሁ። ተምረኸዋል፣ ሠርተህበታል። ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

«እስከ ዓርብ ስጪኝ» አልኳት። ሳልለካ መናገር አልወድም። ይሄ ጠባዬ ብዙ ሰው ያሰለቻል፤ እኔ ግን እኮራበታለሁ። ያኔም ኮርቼበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን መልሱ ገና ፓስታው ሳያልቅ በልቤ ነበር። አያዋጣም።

ተመርቄ የመጣሁ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» እያለ ሲጠራኝ ሰነበተ። ሥራዬ ጥገና መሆኑ ሲታወቅ ማዕረጉ ባንድ ቀን ወረደ፤ በምትኩ ቬንትሌተር፣ የጁስ መፍጫና የጎረቤታችን የአዛን ሰዓት በተራ ደጃፌ መጡ። አምስት ዓመት ተምሬ የሰፈሩ ነፃ ጠጋኝ ሆንኩ። የአንደኛ ደረጃ ጓደኛዬ ባጃጅ ይነዳል፤ ሆስፒታል ሲያደርሰኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ።

«አቦ መሐንዲስ፣ ያ ዲግሪ ስንት ሊትር ቤንዚን ይገዛል?»

«ዝም ብለህ ንዳ» እለዋለሁ። በወር ከእኔ የተሻለ እንደሚያገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱም ለክፋት አይደለም የሚለው፤ ድሬ ላይ ሰው የሚወደውን ካልነካካ ቀኑ አይመሽለትም።

ዋናው ዲግሪዬ ደግሞ እጄ ላይ የለም። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ የተማርንበትና የበላንበት ከደሞዛችን እየተቆረጠ እስኪያልቅ ድረስ የሚሰጡን ጊዜያዊውን ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ላይ መሣሪያ የሚያስመጡ ድርጅቶች ዘንድ የገቡ ጓደኞቼ የተሻለ ይከፈላቸዋል። እነሱም ቢሆኑ አሁን ሻጮች ናቸው፤ መፍቻ ከያዙ ቆይተዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው «ልለካ» ያልኳት።

ሰኞ ማታ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው የምድር ባቡር ጥገና ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ በፈረንሳይኛ «አትሊየ» እያለ ነው የሚጠራው። የድሮው ባቡር ሲቆም ጡረታ ወጣ። ስለ ገንዘብ ስትጠይቁት ስለ ባቡር ነው የሚመልስላችሁ።

«እኛ ዘንድ አንድ ሕግ ነበረች» አለኝ። በቁጥር ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቻታለሁ፤ ቢሆንም አላቋረጥኩትም። «ሎኮሞቲቩ ተጠግኖ ሲወጣ ለሙከራ ሽንሌ ጣቢያ ደርሶ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚሳፈረው የጠገነው ሰው ነው። ሸፉም፣ አለቃችን እንኳ ቢሆን ቀድሞት አይወጣም። የጠገነ ይሳፈራል! ፍሬኑን በደንብ ካልሠራኸው አብረህ ትሞታለህ፣ በደንብ ከሠራኸው ደግሞ ነፋሱን የምትበላው አንተ ነህ።»

«እሺ አባዬ፣ የእህቴ ነገርስ?»

ቀና ብሎ አየኝና የሚናገረው ያለው መሰለኝ። ከዚያ ግን «እሷን ጠይቃት» ብሎ ወደ ራዲዮኑ ዞረ። ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል ብዬ ተውኩት።

ሕጉ ለካ ወደ እኔም ተጋብቷል። ረቡዕ ዕለት አንድ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ስጠግን ዋልኩ። ማሞቂያው ራሱ ደህና ነው፤ የተበላሸው የልጁን ገላ ሙቀት የሚያነበው ሽቦ ነበር። ሽቦው ከተሳሳተ ማሽኑ ወይ ልጁን ያቃጥለዋል፣ ወይ ያቀዘቅዘዋል። አዲስ ሽቦ የለም። ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ማሽን ላይ ፈትቼ ገጠምኩ፣ በቴርሞሜትር አመሳከርኩ፣ ሁለት ሰዓት ብቻውን አሠራሁት። ከዚያ ከቢዮ አዋሌ የመጣ፣ ወሩ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ አስተኙበት። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ጨርሰህ የለም እንዴ? ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ ነርሷ።

«የአባቴ ሕግ ነው» አልኳት። ያልገባት ነገር ላይ ጊዜ አታጠፋም፤ ወንበር ሰጥታኝ ሄደች። የልጁ አያት ሐኪም መስያቸው «ይተርፋል?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁኝ። «ሙቀቱ ጥሩ ነው» አልኳቸው፤ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ፤ እንዲሁ ብቻዬን ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ የዲግሪዬን ወጪና ገቢ የማሰላበትን ወረቀት ስዘረጋ ግን ያንን ሰዓት የት እንደምጽፈው ጠፋኝ። ገቢ ነው እንዳልል አልተከፈለኝም። ተውኩት።

እዚህ ላይ ስለ ደም ግፊት መለኪያዎቹ መናገር አለብኝ፣ ነገሩ የዞረው በእነሱ ነውና። ከሁለት ዓመት በፊት የሆስፒታሉ መለኪያዎች ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቃቸው አልቆ ነበር፤ ስፌቱ ተተርትሯል፣ የሚጣበቅበትም ቦታ አልይዝ ብሏል። አዲስ ተጠይቆ አልመጣም። አንድ ጆንያ ሙሉ ቤት ወሰድኩና እህቴ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ሁሉንም ሰፍታ አደሰቻቸው። እየሰፋች መጠየቅ ትወዳለች። ጎማው ለምንድን ነው? አየሩ የት ይሄዳል? እኔም አሳየኋት። ከሁሉ በፊት የመለኪያውን መርፌ ማየት እንዳለባት ነገርኳት። ሳትነፊው በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከሃያ ከጀመረ ከዚያ በኋላ የሚነግርሽ ሁሉ ውሸት ነው አልኳት። በወሩ ስብሰባ ላይ «በራሱ ተነሳሽነት» ተብዬ ተጨበጨበልኝ። አጨብጫቢዎቹን አመስግኜ ተቀመጥኩ። ስሟን አላነሳሁም።

ዓርብ መጣ። ከሥራ ገብታ እግሯን ታጠበች፤ እራት በልተን ተቀመጥን። አባታችን እንደ ልማዱ በር ላይ በርጩማው ላይ ነው፣ ከተማው ቀዝቀዝ ሲል አላፊ አግዳሚውን ያያል። ወረቀቴን አወጣሁ። በግራ ወጪ፣ በቀኝ ገቢ። ድምፄን ጠርጌ አነበብኩላት፤ አሁን ሳስበው እንደ አስተማሪ ነበር የሆንኩት።

በግራ በኩል አምስቱ ዓመት አለ፤ በዚያ ጊዜ ሠርቼ ላገኘው እችል የነበረው ደሞዝ አለ፤ የወጪ መጋራቱ አለ። «የኪስ ገንዘብ፣ ከአባዬ ጡረታ» የሚል አለ። «ላፕቶፕ፣ ከአባዬ» የሚል አለ። በቀኝ በኩል ደሞዜ፣ ለጥገና ዋሂል ጤና ጣቢያ ስላክ የማገኘው አበል፣ ሌላ ብዙም የለም። እሷ ብትቀር ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ የመስመር ኃላፊ ናት፤ ደሞዟ የእኔን ሊስተካከል ትንሽ ነው የቀረው፣ ያውም ያለ ምንም ወጪ።

«ስለዚህ አያዋጣም» አልኩ። «ቅሪ። ዲግሪ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አንቺ አታውቂውም።»

እህቴ ሳቀች። የሚያስቅ ነገር ስታይ እንደምትስቀው አልነበረም።

«ለቀባሪው አረዱት አሉ!» አለች።

አልገባኝም። ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችው። ጣቷን «የኪስ ገንዘብ» ያልኩት መስመር ላይ አሳረፈች፤ ጣቷ ጫፉ ላይ በመርፌ የተበሳሳ፣ ደርቆ የጠነከረ ነው።

«ሳትለካ በፊት መርፌውን አይተኸዋል? ዜሮ ላይ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይሄ ገንዘብ በወር ስንተኛው ቀን ነበር የሚደርስህ?»

«በአምስት» አልኩ ወዲያው። ተማሪ ያን ቀን አይረሳም፤ ዶርም ሙሉ ነበር የሚጠብቀው።

«የአባዬ ጡረታስ መቼ ነው የሚገባው?»

ጡረታው ወሩ ሳይወጣ ነው የሚገባው። ይህን አውቃለሁ፤ አሁን እኔ ነኝ ባንክ የምወስደው። በአምስት ደሞዝ የሚከፍለው የእሷ ፋብሪካ ነው። ይህንንም አውቅ ነበር። ሁለቱን እውቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም እንጂ።

«ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ» አለች፣ ሳትቆጣ። «አባዬ ስልኩን አንስቶ 'ላክሁልህ' ይልሃል። ላፕቶፑም እንደዚያው ነው።»

«አሥረኛ ክፍል ግን ወድቀሽ አይደል እንዴ ሥራ የገባሽው?»

«ማን አለህ?»

ራሷ ነበረች ያለችኝ። አንደኛ ዓመት ሆኜ ደውዬ ስለ ውጤቷ ስጠይቃት «አልመጣልኝም» አለችኝና ወሬውን ወደ ሙቀቱ አዞረችው። አመንኳት። እንዲያውም ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ የሚቀላው በዚህ ነው፤ ለጓደኞቼ ስለ ቤተሰቤ ሳወራ «እህቴ እንኳ ቀለም አይዘልቃትም» እል ነበር። በፍቅር ነበር የምለው። ስንት ሰው ፊት እንዳልኩት አላስታውስም።

ወደ በሩ ዞርኩ። «አባዬ!»

አባቴ ሳይዞር መለሰልኝ። «አልፋለች። ጥሩ አድርጋ ነው ያለፈችው። ጡረታዬ ከሦስት ሰው ጉርስ አያልፍም ነበር። እናታችሁ ብትኖር ሌላ ነው። 'እሱ ጀምሯል፣ የጀመረ ይጨርስ' አለችና ገባች። እንዳልነግርህ በእናታችሁ አስምላኛለች።»

ተናደድኩ። ማመስገን ሲገባኝ ተናደድኩ። «ማን ለመናችሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ በቤታችን ጩኸት ስለማይታወቅ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እህቴ ሳህኖቹን ሰበሰበች። የጓዳው በራፍ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆም አለች።

«እንድትመልስልኝ አይደለም የነገርኩህ» አለች። «ልኬቱ ስለተበላሸ ነው። አሁን እንደገና ለካና ንገረኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ወጥቼ ደቻቱ ዳር ለዳር ሄድኩ። ወንዙ እንደ ወትሮው ደረቅ ነው፣ አሸዋ ብቻ። የተናደድኩት ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዩኒቨርሲቲ የሄድኩ ቀን ትዝ አለኝ። ብርድ ልብሴን በራሷ ላይ ተሸክማ አውቶብስ ተራ ያደረሰችኝ እሷ ነበረች። እኔ ወጥቼ በመስኮት እጄን ሳወዛውዝ እሷ ታች ቆማ ቀረች፤ የዚያን ጊዜ ደረጃችን እንደዚያ መሆኑ ተፈጥሯዊ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ። ንዴቴ እፍረት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል አለፍኩ፤ ተረኛ አልነበርኩም። የቢዮ አዋሌው ልጅ አልጋው ላይ የለም። ደንግጬ ነርሷን ፈለግኳት። «ጡት መሳብ ጀመረ፣ እናቱ ጋ ነው» አለችኝ፣ እኔ ምን እንደሆንኩ እየተገረመች።

ማታ እህቴ ልብስ ስትተኩስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወረቀት አልያዝኩም።

«በደሞዝ አያዋጣም» አልኳት። «ይሄ አልተለወጠም፣ አልዋሽሽም። ምናልባት ለረጅም ጊዜ አይለወጥም። ሰው 'ዶክተር' ብሎሽ በማግስቱ ጁስ መፍጫ ያመጣልሻል።»

«እሺ።»

«ግን እንደገና ምረጥ ብባል ያንኑ ነው የምመርጠው።» ከዚያ የረቡዕን ልጅ ነገርኳት። ሽቦውን፣ ወንበሩን፣ አያቱን፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አለማለቱን። ካውያውን አቁማ ሰማችኝ።

«ልጁስ?»

«ጡት ጀመረ።»

«ይሄን ለምን አልጻፍከውም?»

«ቦታ አጣሁለት።»

«ሞኝ!» አለች። «እኔ እኮ የጠየቅኩህ ይሄን ነበር። የገንዘቡንማ ካንተ በላይ አውቀዋለሁ።»

በየወሩ በአምስት በአምስት ገንዘብ እንደምልክላት ስነግራት እንቢ አላለችም፤ እንቢ ብትል ይከፋኝ እንደነበር ያወቀች ይመስለኛል። «ካልደረሰኝ በስድስት እደውላለሁ እንግዲህ» አለች። ሰኞ ፋብሪካው ሄዳ ኃላፊነቱን አልፈልግም ብላ መጣች። የመስመር ጓደኞቿ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የላፕቶፕ ቦርሳ ሰፍተው ሰጧት፤ ላፕቶፑ የእኔ አሮጌው ነው፣ ማለቴ የእሷ።

የምትሄድበት ቀን ጎህ ሳይቀድ ሦስታችንም አውቶብስ ተራ ተገኘን። አባታችን ብዙ ጊዜ ከሰፈር አይወጣም፤ የዚያን ቀን ግን ለፋሲካ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ የጓደኛዬ ባጃጅ ላይ ከሁላችን ቀድሞ ተቀምጦ ነበር የጠበቀን። ሻንጣዋ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ረዳቱ «አዲስ አበባ የሞላ!» እያለ ይጮሃል። እህቴ የቀረ ነገር ካለ እያለች ቦርሳዋን ትፈትሻለች። እኔ ትልቅ ወንድም ነኝና ቀድሜ ገብቼ ወንበሯን ላይላት፣ የመስኮት መሆኑን ላረጋግጥላት ብዬ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አደረግኩ።

«የጠገነ ይሳፈራል» አለ አባቴ ከኋላዬ።

ደስ አለኝ። ለእኔ ያለው መሰለኝ። ገንዘቡን ልልክ ቃል በመግባቴ፣ ስህተቴን በማረሜ ያመሰገነኝ መሰለኝና ሁለተኛውን እግሬን አነሳሁ። እጅጌዬን ያዘኝ። እጁ ዛሬም የጠጋኝ እጅ ነው፣ አይለቅም።

«አንተ ምን ጠገንክና?» አለኝ። «እሷን ነው ያልኩት።»

ወረድኩ። እህቴ ቦርሳዋን አንግታ በጎኔ አልፋ ወጣች፤ እኔ ታች ከአባቴ ጋር ቆምኩ።